በአንድ እጅ የሚበላ

ውድ እትዬ፣

ደጋግመሽ ስለ ጋሽ ሾፌር ስለጠየቅሽኝ ከእሳቸው ልጀምር። ጎረቤታችን በስትሮክ ከተኙበት ሆስፒታል ከወጡ ሁለት ወር ሆናቸው። ምላሳቸው ተፈቷል፤ ከዘራቸውን ይዘው ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ግራ እጃቸው ግን እስካሁን አልታዘዝ ብሏቸዋል። ሴት ልጃቸው በሰላም ተገላግላለች፤ ሕፃኑ ቁርጥ አያቱን ነው፣ ኩርፊያው ሳይቀር። አንቺስ እንዴት ነሽልኝ? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሻል? ባለቤትሽ ሥራው ተስማማው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ሁሉ ደህና ነው። ደብዳቤዬ ቢረዝም አትቆጪኝ፤ የማወራሽ ጉድ አለኝ።

ጋሽ ሾፌር አውቶቡስ መንዳት ከተዉ ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት እቤታቸው ካርታ ይጫወቱ እንደነበር ታውቂያለሽ። እሳቸው፣ ባለቤቴ፣ መምህሩና «ምላጭ» የምንለው ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ጨዋታው ፖከር ነው የሚሉት። ሁሉም ካርታውን ደብቆ ይይዝና መጥፎ የደረሰው ጥሩ እንደያዘ ሰው ይኮፈሳል፤ ጥሩ የያዘው ደግሞ ሆዱን እንዳመመው ሰው ይቅለሰለሳል። ገንዘብ የለበትም፤ ባለቤቴ ከልብስ ስፌቱ የሚያመጣውን የሸሚዝ ቁልፍ ነው የሚበላሉት። እሳቸው ሲታመሙ ግን ጨዋታውም ቆመ፣ እሳቸውም ከሰው ተደበቁ።

ምክንያቱን የነገረችኝ ሚስታቸው ናት። ቀኛቸው ደህና ቢሆንም ሳህኑን ደግፎ የሚይዝ ሌላ እጅ ስለሌላቸው ምግቡ እየሸሸ ይደፋባቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር ቆራርሳ የምታጎርሳቸው እሷ ነች። እሳቸውም፣ ስንቱን ተሳፋሪ በዚህ እጄ አመላልሼ ዛሬ ሰው ፊት እንደ ወፍ ጫጩት አፌን ልክፈት ወይ ይላሉ አለችኝ። ጠያቂ ሲመጣ ሳህኑን ያስነሳሉ፤ ጠያቂው ከሄደ በኋላ ደግሞ በቃኝ ይላሉ። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው አንጀቴን በላው እትዬ። በቃ ጨዋታው እኛ ቤት ይሁን፣ እሳቸውም መጥተው እኛ ቤት ይብሉ ብዬ ተነሣሁ። ባለቤቴ ግን የእኔን ጥድፊያ ስለሚያውቅ፣ መጀመሪያ ያለ እሳቸው አንድ ቅዳሜ እንሞክረው አለ። እንኳንም አለ!

እኔ እንግዳ ማለት መቼም ሆዱ እስኪተረተር የሚበላ ነው የሚመስለኝ። ሥጋ በመረቅ ሠራሁ፣ ሩዝ ቀቀልኩ፣ የሎሚ ውኃ በዚያ በቀጭኑ ረጅም ብርጭቆ ቀዳሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ካርታው በቅባት ተጣበቀ፤ ንግሥቲቱን ከሰባት ቁጥር ለማላቀቅ ቢላዋ አመጣሁ። መምህሩ በክርኑ ብርጭቆውን ሲገፋው ደግሞ ሌላው ካርታ በሎሚ ታጠበ። እኔ ታዲያ አርፌ እቀመጣለሁ? ድስቴን ይዤ ከኋላ ከኋላቸው እየዞርኩ በሞቴ ብሉ፣ ይቺን ብቻ እላለሁ።

ማታ ሊሄዱ ሲነሡ የቁልፉ ክምር በሙሉ ምላጭ ፊት ነው። እየሳቀ፣ እህት ዓለም እጅሽ ይባረክ፣ የዛሬው ድል ያንቺ ነው አለኝ። ለካስ እየዞርኩ ካርታቸውን ሳይ፣ መጥፎ ለደረሰው እያዘንኩ ትልቁን ሥጋ ለእሱ አወጣለት ኖሯል! ምላጭ ሳህን ሳህኑን እያየ ነው የተጫወተው። መምህሩ፣ እኔ እኮ ወደሽኝ መስሎኝ ነበር ብሎ አኮረፈ። ባለቤቴም፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል ሰምቻለሁ፣ ያንቺን ፊት ይዞ ቁማር ግን ዛሬ አየሁ አለ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

ሳህኑን ሳጥብ ግን ሳቄ ቆመ። ለጋሽ ሾፌርም ያደረግነው ይኸንኑ አይደል? ሐዘናችንን ሳህን ላይ አድርገን ሰው ሁሉ እያየ ማቅረብ። ደግሞም አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሦስቱም ሲበሉ የዋሉት በአንድ እጃቸው ነው። ካርታ የያዘ ሰው ሌላ እጅ ከየት ያመጣል?

ሳምንቱን ሙሉ በአንድ እጅ የሚበላ ነገር ስሞክር ከረምኩ። እንቁላል የምታክል ዳቦ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ ከትቼ ጋገርኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ፈነዱብኝ፣ ባለቤቴ ለሦስት ቀን ቁርስ በላቸው። ድንች ጠብሼ ዘይቱን በጨርቅ አደረቅኩ፤ ካሮት እንደ ጣት ቆረጥኩ። ሻዩን ጆሮ ባለው ከባድ ኩባያ እስከ ግማሹ ብቻ ቀዳሁ። ለያንዳንዱ በቀኙ በኩል ትንሽ በርጩማ አስቀምጬ፣ ለአራቱም እኩል፣ አንድም ሳላበልጥ ሳህን አደረግኩበት። ሹካም ቢላዋም የሚባል ነገር አላወጣሁም። ራሴን ደግሞ ወጥ ቤት አሰርኩ።

ትናንት ቅዳሜ ጋሽ ሾፌርን ባለቤቴ ነው ሄዶ ያመጣቸው፤ ሦስት ሆነን አልደምቅ አለን ብሎ። ለማየት ብቻ ነው የምመጣው ብለው መጡ። ምላጭ ከሱቁ ያመጣውን የፀጉር ብሩሽ በጀርባው አጋድሞ ፊታቸው አኖረና ካርታቸውን በብሩሹ ፀጉር መሀል ሰካላቸው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ! እሳቸውም፣ አንተ መላጣ፣ ዕድሜ ልክህን ብሩሽህ አናትህ ላይ የሚያበጥረው ሲያጣ ካርታ ልታበጥር መጣህ አሉት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እኔና አብራቸው የመጣችው ሚስታቸው ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ተጣብቀን እናያለን። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳህናቸውን አልነኩም። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ልቤም አብሮ። ሌሎቹን ግን በዓይናቸው ይከተሉ ነበር፤ ሁሉም ዓይኑን ካርታው ላይ ተክሎ በአንድ እጁ ነው የሚጎርሰው። በኋላ ከምላጭ ጋር እልህ ሲጋቡ ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ሳህኑ ሄደችና አንዷን ዳቦ አፋቸው ጣሉ። ሚስታቸው ልትሮጥላቸው ብድግ ስትል ቀሚሷን ይዤ ቁጭ አደረግኳት። ሁለት፣ ሦስት እያልን እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆጠርን። ሰባት በሉ እትዬ! በዚያ ላይ ምላጭን ቁልፍ በቁልፍ አራገፉት፤ ካርታቸው ሲገለጥ ምንም አልያዙም። ምላጭ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ።

እንግዲህ ለባለቤትሽ፣ ለትልቋ፣ ለመንትዮቹ፣ ለአማትሽም ሳይቀር በየስማቸው ሰላም በይልኝ፤ ጉልበትሽን ሙቀት አትንፈጊው።

ይህን ስጽፍ የጋሽ ሾፌር ሚስት ትናንት የተረፈውን ዳቦ የወሰደችበትን ሳህኔን ልትመልስ መጣች። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ልታጎርሳቸው ስትል ዳቦውን ከእጇ ነጥቀው፣ አምጪው፣ ጥርሴ ደህና ነው አሏት። ግማሹን ደረታቸው ላይ እየፈረፈሩ ራሳቸው በልተው ጨረሱ። እሷ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብላ ስታይ ቆየች። እጄን የት ላድርገው አለችኝ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። ሻይ ያዢበት ብዬ ኩባያ ሰጠኋት።

ታናሽ እህትሽ

ከምታውቂው ቤት፣ እሑድ የካቲት 12 ቀን