ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው ሻርሼን ኤሴናሊ

አቶ ሻርሼን ኤሴናሊ ከአባታቸው ከአቶ ኤሴናሊ ቶይቹ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኡልካን ጃፓር፣ በናሪን አውራጃ በቴሬክ ቡላክ መንደር እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1966 ተወለዱ። ይህን ጽሑፍ ዛሬ እናነባለን ብሎ ያሰበ ሰው ከትናንት በስቲያ ጠዋት በቤተሰቡ ውስጥ አልነበረም። የጫኑት ጓዝ ገና ከግቢው አልተነሣም።

በመንደራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። በሂሳብ ጎበዝ እንደነበሩ፣ ነገር ግን መንጋው ወደ ጃይሎ፣ ማለትም ወደ ተራራው ግጦሽ በሚወጣበት ሳምንት ወንበራቸው ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኝ እንደነበር አስተማሪያቸው ይናገሩ ነበር። ከ1984 እስከ 1986 ወታደራዊ ግዴታቸውን ተወጥተዋል። ፈረስ ወዳለበት ክፍል እንዲያዛውሯቸው ሦስት ጊዜ አመልክተው ሦስቱንም ጊዜ ወደ ወጥ ቤት መልሰዋቸዋል። ሲመለሱ በጋራ እርሻው የበግ እረኛ ሆነው ተቀጠሩ። የጋራ እርሻው ፈርሶ ከብቱ ለአባላት ሲከፋፈል፣ ከደረሳቸው በግ ይልቅ የተደሰቱት በአንዲት ባዝራ ነበር። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ዳማ ፈረስ የዚያች ባዝራ የልጅ ልጅ ነው።

በ1989 ከወይዘሮ አናርካን ሱልታንኩል ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴት ልጃቸውን ጃንግልን በ1990፣ ወንድ ልጃቸውን ኡላርቤክን በ1994 ወለዱ። ጸጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ቤት ውስጥ ከሦስት ቀን በላይ ከቆዩ ግን ይነጫነጩ ነበር። ወይዘሮ አናርካን «አንተን ያገባሁት ለክረምት ብቻ ነው፤ እሱም ከበዛብኝ» ይሏቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2014፣ በተራራው ግርጌ የቀሩ ባዝራዎችን ለመመለስ በዳማው ላይ ሆነው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ዳማው ኮርቻው ወደ ሆዱ ዞሮ ብቻውን ወደ ቤት ገባ። ሸለቆውን የበረዶ ናዳ ሞልቶት ተገኘ። መንደሩ አምስት ቀን ሙሉ በአካፋና በረጅም እንጨት ሲፈልጋቸው ሰነበተ። የተገኘው የግራ እጃቸው ጓንትና የጸጉር ቆባቸው ብቻ ነበር። በስድስተኛው ቀን የለቅሶው የሱፍ ድንኳን ተተከለ። አስከሬን ስላልነበረ ካፖርታቸው ተነጥፎ ሴቶች ሙሾ ያወርዱለት ጀመር። አባታቸውም የሱፍ መቀስ ይዘው ወጡና፣ ባለቤቱ ለሞተበት ፈረስ እንደሚደረገው የዳማውን ጭራ ቆረጡ። በሕዝቡ ፊት ቆመውም ፈረሱ ለሙት ዓመቱ ድግስ እንደሚታረድ ቃል ገቡ።

ጭራው በተቆረጠ በሦስተኛው ቀን ኩባት የተባለው የዳቦ መኪና ሹፌር መንገዱ ተከፍቶለት ወደ መንደሩ ገባ። ድንኳኑን ከሩቅ ሲያይ መኪናውን አቆመ። ወግ የሚያውቅ ሰው ነውና ከመንገዱ ጀምሮ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ጮኾ እያለቀሰ መጣ። በር ላይ በምርኩዝ ተደግፈው የሚያለቅሱትን ወንዶች አንድ በአንድ አቅፎ አነባ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ነው አጠገቡ ወደነበሩት ሽማግሌ ጎንበስ ያለው።

«ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

«የኤሴናሊ ልጅ ሻርሼን ነዋ።»

«ሁለት ሻርሼን አሏቸው እንዴ?»

«አንድ ነው እንጂ! ምን ነካህ አንተ ሰው?»

«እኔ እኮ ከሻርሼን ዘንድ ነው የመጣሁት። ሆስፒታል ተኝቷል። ካልሲ ላኩልኝ ብሏል።»

ሙሾው ተቋረጠ። ወይዘሮ አናርካን ጥቁር ለብሰው ከተቀመጡበት ቀና ብለው «ምን ዓይነት ካልሲ?» ብለው ጠየቁ። ለምን ይህን እንደጠየቁ እስከ ዛሬ ራሳቸውም አያውቁም። አባት ከድንኳኑ ውጭ ቆመው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። የጭራው ጸጉር ተጠቅልሎ ገና በኪሳቸው ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ናዳው አቶ ሻርሼንን በሌላው በኩል ወዳለው ቁልቁለት ጣላቸው። ዳሌያቸውና የግራ ታፋቸው ተሰብሮ በክርናቸው እየተሳቡ እረኞች ትተውት የሄዱት ጎጆ ደረሱ። እዚያ የቀረ ኩበት አንድደው ሁለት ሌሊት አደሩ። በሦስተኛው ቀን በረዶ የሚጠርጉ ሠራተኞች ራሳቸውን ስተው አገኟቸውና በተራራው ማዶ ወዳለ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ማንነታቸውን የሚገልጽ ወረቀት አልያዙም፤ ስልኩም በበረዶው ውሽንፍር ተቋርጦ ነበር። ነቅተው የአባታቸውንና የመንደራቸውን ስም ሲናገሩ ነርሷ በዳቦ መኪናው መልእክት ላከች።

ወይዘሮ አናርካን ሦስት ጥንድ ካልሲ ይዘው ሆስፒታል ሲደርሱ ባለቤታቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ፈረሱ ነበር።

«ዳማውስ? ተርፏል?»

«ተርፏል።»

«ታዲያ ምነው ፊትሽን ታዞሪያለሽ?»

«ጭራው ተቆርጧል።»

«ማን ቆረጠው?»

«አባትህ።»

«በቃ ሞቻለኋ!» ብለው መሳቅ ጀመሩ። ዳሌያቸው ግን ሳቁን አላስጨረሳቸውም።

ሐኪሞቹ ታፋቸውን በብረት አያያዙት። የግራ እግራቸው ከቀኙ እንደሚያጥር፣ በምርኩዝ መሄድ ከቻሉ ዕድለኛ እንደሆኑ፣ ፈረስ የሚባለውን ነገር ግን እንዲረሱት ነገሯቸው። ከሦስት ወር በኋላ በቃሬዛ ወደ ቤት ገቡ። በዚያው ምሽት አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ዳማው ተናገሩ።

«በሰው ፊት ቃል ገብቻለሁ» አሉ፤ «አንተ ተመለስክልኝ፤ ተመስገን። ድግሱ የምስጋና ይሆናል። ፈረሱ ግን ይታረዳል።»

«ሟቹ እኮ እኔ ነኝ፣ አባባ። በራሴ ሙት ዓመት ቁጭ ብዬ የፈረሴን ሥጋ ልበላ ነው?»

«ታዲያ ምን ይሁን? ጭራው የተቆረጠ ፈረስ ላይ የሚወጣ አንድ ሰው አምጣልኝ። ገበያም ቢወጣ ለሥጋ እንጂ ማን ይገዛዋል?»

«እኔ እወጣበታለሁ።»

«አንተ? ለሽንትህ እንኳን ሁለት ሰው ነው የሚደግፍህ።»

በመጨረሻ አባት እንዲህ አሉ፦ «በሚመጣው ዓመት መንጋው ሲወጣ፣ በእሱ ላይ ተቀምጠህ የተራራውን ማለፊያ ከተሻገርክ የሙት ፈረስ አይደለም። ማንም ሰው ሳይደግፍህ ነው ታዲያ። ካልሆነልህ ቢላውን የማነሣው እኔው ነኝ።»

አቶ ሻርሼን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ኮርቻውን ቤት አስገብተው በታሰረ የሱፍ ክምር ላይ ጫኑትና በየቀኑ ይቀመጡበት ጀመር። መጀመሪያ ሻይ እስኪፈላ ድረስ፣ ኋላ ወይዘሮ አናርካን ላሞቹን አልበው እስኪመለሱ ድረስ። «ወዴት ደረስክ?» ይሏቸዋል ባለቤታቸው ሲገቡ። «ገና ከመንደሩ አልወጣሁም» ይላሉ እሳቸው፣ ላባቸውን እየጠረጉ። በበረዶው ወራት በሁለት ምርኩዝ፣ ቀጥሎ በአንድ ምርኩዝ ጋጣው ድረስ መሄድ ቻሉ። የግራ እግራቸው ክብደታቸውን ስለማይሸከም እንደ ሰው ሁሉ ከፈረሱ በግራ በኩል መውጣት አልቻሉም። ስለዚህ ዳማውን በቀኝ በኩል መወጣትን ማስተማር ነበረባቸው። ፈረሱም በዚህ ተቆጥቶ ሁለት የአጥር እንጨት ሰብሯል። በግቢው ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ክንዳቸውን አንገቱ ላይ አሳርፈው፣ እስኪለምደው ድረስ ስለ አየሩና ስለ ሣሩ ያወሩት ነበር።

በኤፕሪል 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በዳማው ላይ ወጡና ከደጁ ሳይደርሱ ወደቁ። አባታቸው ከአጥሩ ማዶ ቆመው አይተዋል። ሊያነሷቸው አልመጡም። «ገና ሁለት ወር አለ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። አቶ ሻርሼን በዚያ ቀን ስለ አባታቸው የተናገሩትን ቃል እዚህ መጻፍ አይገባም።

ጁን 4 ቀን መንጋው ተነሣ። አባት ከፊት ሄዱ፤ አቶ ሻርሼን በዳማው ላይ ከበጎቹ ኋላ ተከተሉ። ጭራው ያኔ ገና ከጉልበቱ በላይ ነበር፤ ያዩ ሁሉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ዳሌያቸው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ኮርቻ አይችልም። ወርደው ካረፉ ደግሞ ያለ ከፍ ያለ ድንጋይ ተመልሰው መውጣት አይችሉም፤ በዚያ ዳገት ደግሞ ከጉልበት የሚያልፍ ድንጋይ እንደሌለ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ይህን ጭንቀታቸውን ለወይዘሮ አናርካን ብቻ ነበር የነገሩት። ሕመሙ ሲጠናባቸው ልጓሙን ሳቡ። ከመንገዱ ዳር፣ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ እንደ ደረጃ የተደረደረ አዲስ የድንጋይ ካብ ቆሞ ነበር። አረፉበት፤ በቀኝ በኩልም ወጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በኋላ ሌላ ካብ ነበር። ከማለፊያው ሥር ሦስተኛው ነበር።

ከጓዙ ጋር አብረው ይጓዙ የነበሩት ወይዘሮ አናርካን ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የአማታቸው መዳፍ ተልጦ አይተው ቢጠይቋቸው «የበጎቹን በረት ስጠግን ነው» ብለዋቸው ነበር። በረቱን ማንም አልነካውም ነበር። የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ያን ሁሉ ድንጋይ ብቻቸውን ነበር ያነሱት። አቶ ሻርሼን ማለፊያውን ሲሻገሩ አባታቸው ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩና «ዘገየህ» አሉ። ስለ ድንጋዮቹ አባትና ልጅ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ቢላውም ከሰገባው አልወጣም።

ከዚያ በኋላ አቶ ሻርሼን በየዓመቱ በዚያ መንገድ ወጡ፤ በየዓመቱም ወረዱ። የዳማው ጭራ አድጎ መሬት ነካ። ፈረሱን ስመው ነበር የሚለጉሙት። ባለፈው ክረምት ደረታቸውን አልፎ አልፎ ይወጋቸው ነበር። በናዳው ጊዜ የተጎዳ ጎድን ነው ብለው ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ ቀሩ፤ እኛም አመንናቸው። ሁላችንም ስንፈራ የኖርነው ተራራውንና ፈረሱን ነበር።

ጁን 3 ቀን 2023 ጠዋት መንጋው ለመነሣት ተሰልፎ፣ ዳማው ተጭኖ፣ አቶ ሻርሼን በግቢው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። «አናርካን፣ አለንጋዬን አቀብዪኝ» አሉ። ወይዘሮ አናርካን አለንጋውን ከበሩ መቃን ላይ አንሥተው ሲዞሩ፣ ባለቤታቸው እጃቸው ማሰሪያው ላይ እንዳለ አቀርቅረው ነበር። የሚያሾፉ መስሏቸው «ተነሣ፣ በጎቹ ሄዱብህ» አሏቸው። ከመንደሩ ጤና ጣቢያ የመጣችው ሐኪም ልባቸው በአንድ ጊዜ እንደቆመ ተናገረች። ከናዳ የተረፉ፣ ብረት በታፋቸው ይዘው ስምንት ዓመት ማለፊያውን የተሻገሩ ሰው፣ በገዛ ግቢያቸው፣ በጠራ ሰማይ፣ አንድ ጫማቸውን እንዳሰሩ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። የሁለተኛው ጫማ ማሰሪያ አሁንም እንደተፈታ ነው።

ከሰዓት በኋላ መቀሱ ሲመጣ አባታቸው እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነውና ኡላርቤክ ሊቆርጥላቸው ጠየቀ።

«ተወኝ» አሉት፤ «ያኔም እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በቆረጥኩ በሦስተኛው ቀን መጣልኝ።»

ቆረጡና ጸጉሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ስለ ድግስ ቃል አልገቡም። ልጃቸው የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አደረጉ። ሻይ ቢወስዱላቸው እዚያው ጠጡ። «አባባ፣ ግቡ» ስንላቸው «ሦስት ቀን አልሞላም» ይላሉ። መንጋውን ለማስነሣት የደፈረ የለም።

ዛሬ ጁን 5 ሦስተኛው ቀን ነው። የዳቦ መኪናው የሚመጣበትም ቀን ነው። ኩባት እንደ ወጉ ከመንገዱ ጀምሮ እያለቀሰ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ግን ማን እንደሞተ መጠየቅ አያስፈልገውም። አባት ከድንጋዩ እንዲነሡ ልንነግራቸው አልቻልንም፤ እሱ ይነግራቸዋል ብለን እየጠበቅን ነው።

አቶ ሻርሼን ኤሴናሊ አባታቸውን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አናርካንን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ጭራው የተቆረጠውን ዳማ ትተው ሄደዋል። ከቀብሩ ማግስት መንጋው በዚያው መንገድ ይወጣል፤ ዳማውም ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ሳይታረድ፣ አብሮ ይወጣል። በሦስቱ ካቦች ዘንድ ይቆማል፤ ለምዶታልና።

አላህ የመጨረሻውን ዳገት ያቅልልላቸው፤ የሚያርፉበትንም ቦታ በመንገዱ ዳር አዘጋጅቶ ይቀበላቸው። ለአባታቸው ለመነሣት የሚሆን ጉልበት ይስጥልን። አሚን።