ይሠራል ያልከው ፓወር ሰፕላይ

ጌትዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ዘክረን፣ ጥቁሬን አውልቄ፣ ሰው ሁሉ በርቺ ሲለኝ ከርሞ አሁን ደግሞ ስላንተ የሚጠይቀኝ እየጠፋ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄብህ ነው። በሕይወት ሳለህ ስናደድብህ ካሜራህን አንግተህ ውልቅ ትል ነበር፤ አሁን የትም ስለማታመልጠኝ እስክጨርስ ትሰማኛለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ማርታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት እኔን አልፋኛለች፣ በአመል ግን ቁርጥ አንተ። ፎቶ ቤቱን አልዘጋሁትም። ወንድምህ ወርቁ አከራይተሽው ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ጉርድ ፎቶ ማንሳቱን ካንተ ለምጄዋለሁ፣ ሰርግም እቀርጻለሁ፣ ማርታም ቅዳሜ ቅዳሜ ታግዘኛለች። የደብረ ብርሃን ብርድ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ጠዋት ጣቴ ማውሱ ላይ ድርቅ ይላል።

ሱቅ ስትዘጋ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ብርድ ልብስ ታለብሰው አልነበር፣ ብርዱና አቧራው እንዳይገባው ብለህ? ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅብህ ነበር። ከአርባህ በኋላ እኔ ብርድ ልብሱን አንስቼ ጋቢህን አለበስኩት። ማታ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ቀን ሲሠራም ከላዩ አላነሳሁትም። ደንበኛ ሲገባ ጋቢህን አይቶ አለህ ብሎ እንዲያስብ ፈልጌ ይሆን? እንጃ። ብቻ አላነሳሁትም።

የንዴቴ ነገር የጀመረው ኮምፒውተሩ ሲያረጅብኝ ነው። የዛሬ ካሜራ የሚቀርጸው ምስል ከባድ ነው፤ አንዲት የሰርግ ቪዲዮ ስከፍት ማሽኑ ድርቅ ይላል፣ ደንበኛው ቆሞ ያየኛል፣ እኔ በሀፍረት አልቃለሁ። ስለዚህ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና ሚሞሪውን ልቀይር፣ ግራፊክስ ካርድም ልጨምር ቆረጥኩ። ኬዙ ይቆይ፣ የደንበኛ ፎቶ ሁሉ ያለበት ሃርድ ዲስክም ይቆይ አልኩ። የቀረችው አንዲት ጥያቄ ነበረች። ፓወር ሰፕላዩስ? ያ ከኋላ ያለው፣ መብራቱን ከግድግዳ ተቀብሎ ለሌላው ዕቃ ሁሉ የሚያከፋፍለው ሳጥን አብሮ ይለወጥ ወይስ ይለፍ?

ዕቃውን የገጠመችልኝ ሰላም ናት። አንተ ካረፍክ በኋላ ከእኛ ሁለት ሱቅ አለፍ ብላ የኮምፒውተር ጥገና የከፈተች የጣርማ በር ልጅ ናት፤ ነገር ማለስለስ አታውቅም። አገላብጣ አየችውና ይለወጥ አለች። አሥር ዓመት አልፎታል፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል ጉልበት ይሰጣል ብዬ አላምንም፣ አዲሱ ካርድ ደግሞ ብዙ ይስባል አለችኝ። የባሰውን ደግሞ፣ ሲበላሽ ሃርድ ዲስኩን ይዞብሽ ሊሄድ ይችላል አለች። ወርቁ ቱግ አለ። ወንድሜ በእጁ የበየደው ነው፣ እየሠራ ያለ ዕቃ ይጣላል እንዴ፣ እናንተ ሁሌ አዲስ ግዙ ነው ብሎ ልጅቷን አስቀየማት።

እኔም ይቆይ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስለ ጉልበቱም ስለ ምኑም አላሰብኩም። ጠዋት ሳበራው ፋኑ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ያጓራል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ስንት ዓመት ሱቅ ስገባ የምሰማው ድምፅ እሱ ነው፤ አንተም እዚያው ወንበርህ ላይ ነበርክ። ካወጣሁት ሱቁ ጭር ይልብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞስ አንተ ራስህ ስንቴ ነው ይሠራል፣ አትንኪው ያልከኝ!

አንድ ሳምንት ደህና ሠራ። ወርቁ አላልኳችሁም ብሎ ተኩራራ። በሁለተኛው ሳምንት የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበርኩ ድርግም አለብኝ። መብራት ሄደ ብዬ ቀና ስል አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። የሰፈሩን መብራት ረግሜ ስታቢላይዘር አስገባሁ፤ አሁንም ድርግም። አዲሱን ካርድ ጠረጠርኩና ከሻጩ ጋር አንገት ለአንገት ተያያዝኩ፤ ሰውየው የራሱ ማሽን ላይ ገጥሞ እንደ ሰዓት ሲሠራ አሳይቶኝ አሳፍሮ መለሰኝ። የጎረቤቴን ደግሞ ልንገርህ፤ ዓይን ነው፣ ጸበል እርጪበት አለችኝ። ኮምፒውተር ላይ! ሁሉን ጠርጥሬ አንተን ብቻ አልጠረጠርኩም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እማማ ጽጌ መጡ። ከምዕራብ ተፈናቅለው እዚሁ መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው። መጀመሪያ እንደመጡ ሰሞን ልጃቸውን ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ አንስተኸው ነበር። ያ ልጅ፣ አምና የቀን ሥራ ላይ ሳለ ከሕንፃ ወድቆ ሞተ። እናቱ አንድም ፎቶ የላቸውም። የነበራቸው ሁሉ ጥለውት በወጡት ቤት ቀርቷል፣ መታወቂያውም የት እንደገባ አላወቁም። ለሙት ዓመቱ ቄሶቹም ዘመዱም በሚያየው ቦታ ላቁመው፣ አጉልተሽ አትሚልኝ አሉኝ። እኔም አንተ ያነሳኸውን ሁሉ በስም በስሙ እንደምታስቀምጥ ስለማውቅ፣ ችግር የለም፣ ነገ ይምጡ አልኳቸው።

ያን ቀን ከሰዓት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። ሲነሣ ሃርድ ዲስኩ የለም። ብከፍት ብዘጋ የለም። የአንተ የስንት ዓመት ድካም፣ የከተማው ሰው ፊት፣ የእማማ ጽጌ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ዲስክ ላይ፣ ያለ ሌላ ቅጂ! ለአንዲት እናት ልጅሽን ሁለተኛ አጣሁብሽ ብዬ እንዴት እነግራለሁ?

ሰላም ሮጣ መጣች። ጋቢህን ገፈፈችና ፓወር ሰፕላዩን ፈትታ ከፈተችው። ጌትዬ፣ ውስጡ ጋቢህ ነበር። የጥጡ ብናኝ ከአቧራ ጋር ተለውሶ ፋኑን ጥርቅም አድርጎ አፍኖታል። እወድሃለሁ ብዬ ያለበስኩት ነው ያነቀው። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እነዚያ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉት፣ አንተ ካፓሲተር የምትላቸው፣ አናታቸው አብጦ ሊፈነዳ ደርሷል። ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። የእጅ ጽሕፈትህን መቼም አላጣውም። «አብጧል፣ ቶሎ ይለወጥ» ይላል፣ ከሥሩም ቀን ተጽፎበታል። ከመሞትህ ሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው።

ደሜ ፈላ። ሰላም ፊት እንዳልጮህ ደጅ ወጣሁ። አውቀህ ነበር እኮ! አውቀህ ክዳኑን መልሰህ፣ ብሎኑን አጥብቀህ፣ ለኔ ግን ይሠራል፣ አትንኪው! ይሄን ስታደርገኝ ደግሞ ሁለተኛህ ነው። ከቀብርህ በኋላ ቡናማ ጃኬትህን ለወርቁ ልሰጠው ኪሱን ስፈትሽ የሐኪም ወረቀት አገኘሁ። ልቡ በአስቸኳይ አዲስ አበባ ሄዶ ይታይ ይላል። ከመታጠፍ ብዛት መሐሉ ተቀዷል። ስምንት ወር ሙሉ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ዞረሃል፣ እኔ ስጠይቅህ ብርዱ ነው፣ ደህና ነኝ እያልክ።

ከመዘዞ ሰርግ ቀርጸን ስንመለስ መኪናው ተበላሽቶ ወደ ጣርማ በር ዳገቱን በእግር የወጣን ቀን ትዝ ይልሃል? በየሃያ እርምጃው ቆመህ፣ ቆይ ይቺን ጉም ላንሳት ትለኝ ነበር። እኔ ሞኟ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ አጠገብህ ቆሜ፣ ይሄ ሰው ሥራውን እንዴት ቢወድ ነው እያልኩ እጠብቅሃለሁ። ባለፈው እነዚያን ፎቶዎች ከካሜራው ካርድ ላይ አየኋቸው። ጉም ብቻ ናቸው፣ እሱም የተንቀጠቀጠ። ለካ ትንፋሽህን ነበር የምትሰበስበው። ምናለ ብትነግረኝ? እጅህን ይዤ እወስድህ አልነበር? እንዳልጨነቅ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንተ የኔ ጌታ፣ ጭንቀቱ በስንት ጣዕሙ! ይሄ ብቻዬን መቅረቱ ይሻለኛል ያለህ ማነው?

ወደ ውስጥ ተመልሼ ይለወጥ አልኳት። ወርቁንም አላማከርኩ፣ አንተንም። ሰላም ጉልበቱ ከሚያስፈልገን ከፍ ያለ፣ ዋስትና ያለው አዲስ ፓወር ሰፕላይ አምጥታ ገጠመችና ሃርድ ዲስኩን ሰካችው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መጣ ስትለኝ መሬቱን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ጉልበት አንሶት ነው እንጂ አልተቃጠለም፣ ጥቂት ቀን ብትቆዪ ግን እንጃ አለችኝ። እዚያው ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥንና ማርታ ቤት ወስዳ ቆለፈችበት።

አዲሱ ፋን ድምፅ የለውም። የፈራሁት ጭርታ እውነትም መጣ፤ ሱቁን ስከፍት አሁንም ሆድ ይብሰኛል። ወርቁ በነጋታው መጥቶ አሮጌውን ለማስታወሻ ስጪኝ አለ። ክዳኑን ገልብጬ ጽሕፈትህን አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ፣ እኔንም ዳገት ስወጣ ደረቴን ይይዘኛል አለኝ። እየተነጫነጨም ቢሆን በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ይዤው ሄጄ ተመርምሮ መድኃኒት ጀምሯል። አንተን እንዲህ ባደረግኩህ ኖሮ።

አሁን ደግሞ የእማማ ጽጌን ልንገርህ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሳይደርሱ የልጁን ስም ፈልጌ ፎቶውን ከፈትኩት። ቀጥ ብሎ ያየኛል፤ የለበሰው ግን ያንተን ባለ መስመር ሸሚዝ ነው። አንድ ቀን ሹራብህን ብቻ ለብሰህ ቤት የመጣህ ጊዜ ሸሚዝህን የት ጣልከው ብዬ የተጨቃጨቅንበትን፣ አንተም እንጃ ብለህ ዝም ያልክበትን። ለካ ልጁ ፎቶ መነሻ ልብስ አይጣ ብለህ አውልቀህ ሰጥተኸው ኖሯል። እሱንም ደብቀኸኝ ሄድክ! ማተሚያው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ደግሞ ሳቄም መጣ።

እማማ ጽጌ ፎቶውን ተቀበሉ። ግንባሩን ሳሙት፣ ደረታቸው ላይ አደረጉት። ያነሣው ማነው አሉኝ። ባሌ ነው፣ አርፏል አልኳቸው። ክርስትና ስሙስ አሉ። በልጃቸው ሙት ዓመት ጸሎት ላይ አብረው ሊያስጠሩህ ነው። ወልደ ሚካኤል አልኳቸው። ፎቶውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ስምህ እንዳይጠፋባቸው ከልጃቸው ስም ጋር እየደጋገሙ፣ ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ሚካኤል እያሉ መንገዱን ተሻገሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እስኪርቁ ድረስ ሰማኋቸው።

ጌትዬ፣ ንዴቴ ገና አልበረደም፣ ይብረድ አይብረድም አላውቅም። ሰው ደጉን ብቻ እያነሣ ያወራልኛል፤ እኔ ግን የደበቅከኝን ሁሉ፣ ያስለቀሰኝንም ያኮራኝንም፣ አንዱንም ሳልጥል ይዤ አስታውስሃለሁ።

ባለቤትህ አልማዝ