መጥበሻ ዳር ያለው ክፍል

ሰኞ፣ ጁን 3
ሃያ ስድስት ልጆች ለጥናት መጡ። ከትምህርት ቤት እንደወጡ፣ አስር ሰዓት ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው። ዛሬ ሂሳብ፣ ማካፈል ነበር። ደንባችን ያው ነው፦ የገባው ላልገባው ሳያስረዳ ወደ ቤቱ አይሄድም። አፖንዲ ግን የለችም... ሦስተኛ ቀኗ። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከእኔ የተሻለ ታስረዳለች። ምን ነካት?

ረቡዕ፣ ጁን 5
እናቷ ዘንድ ሄድኩ። ከዓሣ ፋብሪካ የሚወጣ አጥንት ጠብሳ ትሸጣለች። ሥጋው ወደ ውጭ አገር፣ ጭንቅላቱና አከርካሪው ለእኛ ለኪሱሙ ከተማ ሰዎች። እሷ ትጠብሳለች፣ እኔ ስለ ትምህርት ጥቅም እሰብካለሁ። ጎበዝ አስተማሪ!
«ጨረስሽ ቲቸር?» አለችኝ። «ጋሪው ዓሣ የሚያመጣው አስር ሰዓት። ያንቺም ጥናት አስር ሰዓት። እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ነው፣ ካላገዘችኝ አልችለውም። እንዲህ የምትጨቀጭቂኝ ከሆነ ከትምህርት ቤቱም አስቀራታለሁ።»
አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰዓቱ ይመቻችኋል ወይ ብዬ ማንን ጠየቅኩ?

ሐሙስ
ልጅቷ መምጣት ካልቻለች... ክፍሉ ቢሄድስ?

ሰኞ፣ ጁን 10
ሄድን! ሰሌዳውን ተሸክመን፣ እናቷ መጥበሻ ዳር ጀሪካን ላይ ተቀመጥን።
«ዘይት ቢፈናጠርባቸው እኔን እንዳትጠይቂኝ!» አለች እናትየው። ጀሪካኖቹን ከምድጃው ያራቀቻቸው ግን ራሷ ናት።
አፖንዲ በአንድ እጇ ጭልፋ ይዛ ትንሿን አዊኖን ታፋጥጣታለች።
«አሥራ ሁለት ዓሣ፣ አራት ደንበኛ። ለእያንዳንዱ?»
«ሦስት!»
«አንዱ ደንበኛ ቢቀርስ?»
አዊኖ ጭንቅላቷን አከከች፣ ጣቷን ቆጠረች... «አራት!»
«እንግዲህ ላልገባው አስረጂ፣ እኔ ላገላብጥ።»

ዓርብ፣ ጁላይ 19
የጥናት ክፍሎች የሂሳብ ውድድር። ዘጠኝ ሰፈር መጣ። አዊኖ አንደኛ! የስምንት ዓመቷ አዊኖ!
ዳኛው «ማነው ያስተማረሽ?» አሏት። ቀሚሴን አስተካክዬ ልነሳ ስል... አዊኖ ዞራም አላየችኝ። ጣቷን ወደ ኋላ ወንበር ቀሰረች፦ «አፖንዲ!»
እናትየው ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው የመጣችው። «የኔ ልጅ ናት! የኔ!» እያለች አዳራሹን አናጋችው። እኔ ቀስ ብዬ ቁጭ አልኩ። እንደዛሬ ኮርቼ አላውቅም።
ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።
«ከሰኞ ጀምሮ ብቻዬን እጠብሳለሁ፣ ቲቸር። እሷ ታስተምር።»