ቢጫው መብራት በርቶ ሳለ

ውድ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ሱቁን ዘግቼ ነው። አባትሽ በሥራ ቀን፣ በቀን ብርሃን ሱቅ ሲዘጋ አይተሽ ስለማታውቂ ሰው የሞተ እንዳይመስልሽ፤ ሁላችንም ደህና ነን። ስልክ ብደውልልሽ ይቀለኝ ነበር። ግን ስልክ ላይ ምላሴን አውቀዋለሁ። ስሸጥበት የኖርኩት ምላስ ስለሆነ ሳላስበው ጥፋቴን አሳምሬ እሸጥልሻለሁ። ወረቀት ላይ ግን ቀስ ብዬ እሄዳለሁ።

ገበያው «ጋሼ ዋስትና» የሚለኝ በከንቱ አይደለም። ማቀዝቀዣም ይሁን የውኃ ፓምፕ ስሸጥ መጀመሪያ የማደርገው ሰክቼ መብራቱን ማሳየት ነው። «በርቷል አይደል? እንግዲህ ይሠራል» እላለሁ፤ ገዢውም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ፒክአፗን የገዛሁ ጊዜም ይችኑ ዓረፍተ ነገር ይዤ ነው ጋቢና የገባሁት።

መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ጭቃ የያዘን ቀን ትዝ ይልሻል። ጎማው ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ፣ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሯ ጉሮሮውን እንደታነቀ ሰው ድምፅዋ ሲሰልል፣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ያቺን የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለባትን በተን ተጭነህ ያዛት» አለኝ። ያዝኳት። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፤ መኪናዋ አጓርታ ወጣች። ሰውዬው መንገዱን ቀጠለ፤ ያን መብራት መልሶ ማጥፋት እንዳለብኝ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ «የጉልበት በተን» ብዬ ሰየምኳት።

ሞተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ያ መብራት ይጠፋል። «ይቺ መኪና ትረሳለች፤ በየጠዋቱ ማስታወስ ያስፈልጋል» ብዬ ላንቺ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

አንቺ ጎንበስ ብለሽ አየሽና «አባዬ፣ መብራቱ ሥር የተጻፈው እኮ ‹ጠፍቷል› ነው የሚለው» አልሽኝ።

«የበራ መብራት እያየሽ ጠፍቷል ትያለሽ? ያደግሽው ኤሌክትሪክ ከሚሸጥ ሰው ቤት አይደለም እንዴ?»

«መመሪያውን ላንብበዋ።»

«መመሪያ ለማያውቅ ነው።»

ሳቅሽ። «እሺ ጋሼ ዋስትና» ብለሽ በጣትሽ ተጭነሽ ያዝሻት። ክረምቱን ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ያመንሽበት ነገር ስለሆነ ሳይሆን እኔ ስላልኩ ያዝሻት።

ያን ቀን ማቀዝቀዣ አድርሰሽ ባዶዋን እየተመለስሽ ነበር፤ መንገዱን ካፊያ አርሶታል። ጎረቤት ጠርቶኝ ልብስ ሰፊው ኩርባ ጋ ስደርስ ፒክአፗ ፊቷን ወደመጣችበት አዙራ ቆማለች። ኋላዋ የልብስ ሰፊውን በር ገንጥሎታል። ደጅ ሱፍ ለብሶ የሚቆመው አሻንጉሊት ስፖንዳው ውስጥ ወድቆ እግሩን ሰቅሏል። «ጋሼ ዋስትና፣ ሰውዬው በነጻ ሊሳፈር ነው!» አለ አንዱ፣ ሰዉ ሳቀ። ሳቁ በኔ ላይ መሰለኝ። በኔ ላይ የመጣውን ወዳንቺ መለስኩት።

«መሪና ማማሰያ አንድ መሰለሽ? ቁልፉን አምጪ!»

«አባዬ፣ ስታጠፍ ኋላዋ ቀደመኝ። መሪውን መለስኩ፣ አልሰማ አለችኝ። ያ መብራት…»

«መብራት አትበይኝ! መብራቱማ በርቷል!»

ልብስ ሰፊው፣ በሩ የተገነጠለበት ሰውዬ፣ «ኧረ ተው፣ ልጅቷ ደንግጣለች» አለኝ። እኔ አባትሽ ያላልኩትን እሱ አለ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጥሽ፤ በማግሥቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ አክስትሽ ከተማ ሄድሽ። የዕለት ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቂያለሽ፤ የዚያን ዕለት የጻፍኩት «ልጅቷ መኪና አጋጨች። ኃይለ ቃል ተናገርኳት። ይበርድላታል» የሚል ብቻ ነው። የሌላ ሰው ቤት ወሬ የመዘገብኩ ይመስላል።

እስከዚህ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ካልነገርኩሽ የምታውቂበት መንገድ የለም።

ፒክአፗን ከጋራዥ ላወጣ ሄድኩ። መካኒኩን ታውቂዋለሽ፣ ያ ማስቲካ ከአፉ የማይጠፋው። ሞተሩን አስነሥቶ «ይኸው፣ እንደ አዲስ» አለኝ። ዳሽቦርዱን አየሁና «መብራቱ አልበራም እኮ። ምኑን ሠራችሁት?» አልኩት።

«የቱ መብራት?»

አሳየሁት። ማስቲካውን ማኘክ አቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ እንዳይበራ ነው የሚጸለየው! መኪናዋ ስትነሣ ማረጋጊያው በራሱ ሥራ ይጀምራል። መብራቱ ቦግ ብሎ ከቀረ ‹እኔ የለሁበትም፣ ራስህን ቻል› ማለቱ ነው።»

ከዚያ ለሕፃን እንደሚያስረዳ በእጁ እያሳየ ነገረኝ። ይህ ነገር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው፣ ጎማ መሬት ሳይቆነጥጥ ሲሽከረከር የሞተሩን ጉልበት ቀንሶ ያቺን ጎማ ብቻ በፍሬን መያዝ ነው። ሁለተኛው፣ መሪሽ ወዲህ፣ ኋላዋ ወዲያ ሲል እያንዳንዱን ጎማ ለይቶ እየያዘ መኪናዋን ማቃናት ነው። «ጭቃ ውስጥ ግን ጎማው እንዲሽከረከር ነው የሚፈልጉት፤ ጉልበት ሲቀንስብዎት እዚያው ተተክለው ይቀራሉ። ማጥፊያው ለዚያ ነው። በተኗን ነካ ካደረጓት ጉልበት መቀነሱን ብቻ ትተዋለች። ተጭነው ከያዟት ግን ማረጋጊያውንም ጠቅልላ ታጠፋለች። ከጭቃው ሲወጡ ወዲያው ይመልሷታል።»

«አራቱንም ጎማ ባስገባስ?» አልኩት።

«አራት ጎማ ለመሄድ ይረዳዎታል እንጂ ለመቆም አይረዳዎትም። ከባዱን ማርሽ ሲያስገቡማ ማረጋጊያው በራሱ ይጠፋል፤ ያ ማርሽ እንደ ኤሊ ለሚኬድበት መንገድ ነው። በእርጥብ አስፋልት፣ በኋላ ጎማ ብቻ፣ ስፖንዳው ባዶ ሆኖ፣ ማረጋጊያውን አጥፍቶ መንዳትማ ሳሙና ላይ ቆሞ መጨፈር ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ቆይ፣ መብራቱ መብራት አለበት ያለዎት ማነው?»

ልጄ፣ እዚህ ጋ እጄ ቆመ። ግን እጽፈዋለሁ።

«ልጄ ናት» አልኩት። «እሷ ናት እንደዚያ የምትለኝ።»

«አይ የዛሬ ልጆች!» ብሎ ሳቀ። «መመሪያ እኮ አያነቡም!»

እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ወደ ቤት ስነዳ በተኗን አልነካኋትም። ዝናቡ መልሶ ጀምሮ ነበር። እዚያው ልብስ ሰፊው ኩርባ ላይ አንድ ውሻ ገባብኝና መሪውን መታ አደረግኩ፤ የኋላ ጎማዋ ሸርተት ሲል ተሰማኝ። ወዲያው ከሥሬ ግርርር የሚል ነገር ሰማሁ፤ ያ መብራት ቦግ ብሎ ሳይቀር ብልጭ ብልጭ አለ፤ መኪናዋ እንደተቆጣች ሴት ትከሻዋን ነቅንቃ ቀጥ አለች። እኔ ምንም አላደረግኩም። ዳር ይዤ ቆምኩና ላቤን ጠረግኩ። አንቺ በዚያች ኩርባ ስትታጠፊ የሚይዝሽ አልነበረም። እንዳይዝሽ ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያን ዕለት መደወል ነበረብኝ። «መጀመሪያ ትደውል፣ ልጅ ናት» አልኩ። «ሥራው ጋብ ይበል» አልኩ። ሰበብ ከማቀዝቀዣ ይልቅ በቀላሉ ይሸጣል፣ በተለይ ገዢውም ሻጩም አንድ ሰው ሲሆን። እውነቱ፣ ሰው ፊት የተፋሁትን ቃል ሰው ፊት መልሼ መዋጥ ከበደኝ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ደወለችልኝ። የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ነኝ አለች። ለሾፌርነት እንዳመለከትሽ የሰማሁት ከእሷ ነው።

«ልጅዎ እርስዎ ጋ ትሠራ እንደነበር ነግራናለች» አለችኝ። «‹አባቴን ጠይቁት› ብላ ስልክዎን የሰጠችን ራሷ ናት። አደጋ አድርሰሽ ታውቂያለሽ ወይ ስንላት አዎ አለች። ምክንያቱን ስንጠይቃት ‹መሪው በእጄ ነበር› ብቻ አለች። ከእርስዎ ለመስማት ብዬ ነው።»

መሪው በእጄ ነበር። ስሜን አላነሣሽም። ስለ በተኗ፣ ስለ መብራቱ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም። እኔ አንቺን ለማስቲካ አኛኪ ስሸጥ፣ አንቺ እኔን ለማታውቂያት ሴት ሸፈንሽኝ።

መልስ ሰጠኋት? አልሰጠኋትም። «ገበያተኛ ይዞኛል፣ ከሰዓት ልደውልልዎት» አልኳት። ሱቁ ውስጥ ዝንብ እንኳ አልነበረም።

ለምን ጊዜ እንደፈለግኩ ልንገርሽ፤ የደብዳቤው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ነጋዴ ነኝና ቁጭ ብዬ አሰላሁ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ብቻ ትንሽ ቸኩላ ትነዳለች» ብላት ውሸት አይመስልም፤ ለስላሳ ነው፣ አባት የሚለው ነገር ነው። እነሱ ይተውሻል። ሌላ ቦታ ስትሞክሪም ያች አደጋ ትከተልሻለች። ከዚያ የአክስትሽ ቤት ይጠብሻል፤ ወደ ሱቁ ትመለሻለሽ፤ እኔም «እንኳን መጣሽ» ብዬ እንደ ቸር ሰው በር እከፍትልሻለሁ። ናፍቀሽኛል፣ ያለ አንቺ ሱቁ አልሆነልኝም። ግን ናፍቆቴ ያወጣው መንገድ ይህ ነበር፤ የቀረውን በር ሁሉ ዘግቼብሽ የኔን ብቻ ክፍት ማድረግ። ለአንድ ረፋድ ሙሉ ሒሳቡ ደህና መስሎ ታየኝ።

ምሳ ላይ ለእናትሽ ስልኩን ነገርኳት፤ ሒሳቡን አልነገርኳትም።

«ታዲያ ምን አልካት?»

«ከሰዓት እደውላለሁ አልኩ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እውነት ለመናገር ቀጠሮ ይያዛል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ምኑን ታውቂና…»

«እኔማ መኪና አላውቅም» አለች። «አንተን ግን አውቅሃለሁ። ልታተርፍ ስትል ግራ ጆሮህን ትነካለህ።» እጄ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሳልጨርስ ተነሣሁና ደወልኩ። ለስምሪት ኃላፊዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጭቃውን፣ በተኗን፣ «መመሪያ ለማያውቅ ነው» ማለቴን፣ አንቺ ነግረሽኝ አለመስማቴን፣ መካኒኩ ፊት ስምሽን ማጥፋቴን ጭምር። «አደጋው የኔ ነው» አልኳት።

«አንዴ ይቆዩኝ» አለች። «ክረምቱን ሙሉ ማረጋጊያው ጠፍቶ ነው የነዳችው?»

«አዎ።»

«ብዙውን ጊዜ አድርሳ ስትመለስ ባዶ ስፖንዳ?»

«አዎ።»

«በዝናብ። እና አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጋጨችው?» ሳቀች፤ መጥፎ ሳቅ አልነበረም። «ጌታዬ፣ እኔ ጋ ካሉት ሾፌሮች ግማሾቹ ሳምንት አይዘልቁም ነበር። የነገሩኝ አደጋ አይደለም፣ የምስክር ወረቀት ነው።»

ሌላ ነገርም አለች፤ ‹ሰኞ እንደውልላታለን› አለች። እኔ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቀረሁ። ምን ያህል ጎበዝ እንደሆንሽ ልብስ ሰፊው፣ እናትሽ፣ በድምፅ እንኳ የማታውቅሽ ሴት አወቁ። አጠገብሽ ጋቢና ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ አላወቅኩም።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። የዚያን ቀን የሳቁት ሰዎች ካርታ እየተጫወቱ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። አንዱ «እና ጋሼ፣ የእርስዎ ዋስትና የሚያገለግለው እስከ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለኝ፤ ሳቁብኝ፤ የሚገባኝን ነው የሳቁት። ልብስ ሰፊው ብቻ አልሳቀም። «ለኛ ነገርከን» አለኝ። «ለእሷስ?» ሱቁን የዘጋሁት ለዚህ ነው።

ልጄ፣ ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። እሱን በራስሽ ጊዜ፣ ከፈለግሽ። ነይልኝም አልልሽም። ሥራውን ያዢ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ከእንግዲህ እኔን አትሸፍኚ። ሰኞ ሲደውሉልሽ ስለ አደጋው ከጠየቁሽ እንዳለ ንገሪያቸው፣ ስሜን ጥሪ። መንዳት ማን አስተማረሽ ቢሉሽ ደግሞ «ራሴ» በያቸው። ውሸት አይሆንብሽም።

ያፈረብሽ፣ አሁን ግን በራሱ የሚያፍረው
አባትሽ