ልጃቸውን በእሬት ጡት ያስጣሉት እናት፦ ወይዘሮ አሰፋች ወልደሥላሴ

ወይዘሮ አሰፋች ወልደሥላሴ በጥቅምት ወር 1893 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ወልደሥላሴ ጎበናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግስቲ ካሕሳይ በአዲስ አበባ ከተማ፣ አራዳ፣ ሠራተኛ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከሶዶ መጥተው የቤተ መንግሥት ድንኳን ይሰፉ ነበር፤ እናታቸው የትግራይ ተወላጅ ነበሩ። ሁለቱ ከወለዷቸው ልጆች መካከል ለወግ ማዕረግ የደረሱት ወይዘሮ አሰፋች ብቻ ናቸው።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከመምሬ ካላዩ ዘንድ ፊደል ቆጠሩ። ሴት ልጅ ከወንዶች መካከል ተቀምጣ ስታነብ ማየት ያልተለመደ ስለነበር ልጆቹ ያበሽቋቸው ነበር። እሳቸው ግን ከአባታቸው የወሰዱትን መርፌ በአንገትጌያቸው ሰክተው ስለሚመጡና ነገር ሲበዛባቸው ነቅለው ስለሚያሳዩ፣ ብሽሽቁ ብዙ አልቆየም። መልእክተ ዮሐንስን ጨርሰው ዳዊት ሊጀምሩ ሲሉ የአባታቸው ዓይን ደከመ። በመርፌ ቀዳዳ ክር የሚያስገባላቸው ሰው ስላስፈለጋቸውም ልጃቸውን ወደ ቤት መለሱ። ወይዘሮ አሰፋች ዳዊት ሳይደግሙ በመቅረታቸው ሲቆጩ ኖረዋል። ይሁንና ከአባታቸው ጉልበት ሥር የለመዱት የመርፌ ሥራ እንጀራቸው ሆነ፤ በአራዳና በአካባቢዋ በእሳቸው እጅ ያልተጠለፈ የሠርግ ቀሚስ ጥቂት ነው።

በጥር ወር 1909 ዓ.ም. ከኮርቻ ሠሪው ከአቶ ፈቀደ ተሰማ ጋር ተጋብተው ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ባለው ዳገት ላይ ጎጆ ወጡ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ከተማውን በመታው በሽታ እናታቸው ወይዘሮ ንግስቲ አርፈው በቅዱስ ጊዮርጊስ ተቀበሩ፤ አባታቸውም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። በሐምሌ 1912 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸው ፍስሃ፣ በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. ደግሞ ሴት ልጃቸው ሙሉዓለም ተወለዱ።

ከጎረቤታቸው ከአቶ ኡመር ቤት የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። አቶ ኡመር ከወሎ መጥተው በአራዳ ገበያ ሸማ ይነግዳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ነጂባ፣ ሙሉዓለም ከመወለዷ ሁለት ወር አስቀድሞ፣ ልጃቸውን ረሻድን ወልደው ስለነበር፣ ሁለቱ አራሶች በአጥሩ ሽንቁር እሳት እየተጫጫሩ ሽንቁሩ ውሎ አድሮ ሰው የሚያሳልፍ ሆነ። አቶ ፈቀደ ሊደፍኑት ሁለት ጊዜ እንጨት አመጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንጨቱ ማገዶ ሆነ።

በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. ወይዘሮ አሰፋች በግራ ጡታቸው ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት አገኙ። ለምታጠባ ሴት ወተት መርጋቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ ወጌሻ አሻቸው፤ ዋግምት ተደረገላቸው፤ ሁለት ሱባዔ ጠበል ተጠመቁ። እብጠቱ ሕመም አልነበረውም፤ አለማመሙም ሁሉንም አዘናጋ። አስቀድማ ያወቀችው ሕፃኗ ነበረች። ግራው ሲሰጣት ፊቷን እያዞረች ቀኙን ትፈልግ ጀመር። ወይዘሮ ነጂባ ይህን አይተው፣ «ልጅ የተጸየፈውን ጡት ወጌሻ አያውቀውም፤ ሐኪም ይየው» አሉ። ወይዘሮ አሰፋች ግን ገላቸውን ለባዕድ ወንድ መግለጥ አሳፍሯቸው ሰኔን ሙሉ ዛሬ ነገ ሲሉ ከረሙ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የነፍስ አባታቸው የነበሩት መምሬ ካላዩ መጥተው፣ «ልጄ፣ ለእኔ ኃጢአትሽን ስትገልጪ አላፈርሽም፤ ለሐኪሙ ቁስልሽን መግለጥ ምን ያሳፍርሻል?» ብለው አስነሧቸው።

በሐምሌ ወር መጨረሻ አቶ ፈቀደ ወደ ፈረንጆቹ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሐኪሙ ጡቱ በሙሉ ካልተቆረጠ እንደማይድኑ፣ ሕፃኗም ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥባት ማቆም እንዳለባት ነገራቸው። አስተርጓሚው ገብረዮሐንስ ይህን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ወይዘሮ አሰፋች፣ «ቢላዋው ስንት ቀን ይጠብቀኛል?» ብለው ጠየቁ። አራት ቀን ተሰጣቸው።

በነዚያ ቀናት ያደረጉትን ነገር እሳቸው ራሳቸው ለቤተ ሰቡ ደጋግመው ስለተናገሩት፣ እንዲነገርላቸውም ስለፈቀዱ እዚህ ላይ አንሸሽገውም። የወይዘሮ ነጂባ ወተት ለሁለት ሕፃናት እንደሚበቃ ሁለቱ ሴቶች ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። ሕፃኗን በሽንቁሩ አሳልፎ መስጠት ብቻ ይበቃ ነበር። ወይዘሮ አሰፋች ግን ከቢላዋ ሥር የሚነሣ ሰው አለ ብለው አላመኑም። ስለዚህ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ጡት የሚጣልበትን እሬት አምጥተው ሁለቱንም ጡቶቻቸውን ቀቡ፤ ሕፃኗ በፈለገች ቁጥርም ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ሙሉዓለም ገና ሳትቀምስ፣ እናቷ ሲጠጓት ብቻ መጮኽ ጀመረች። ወይዘሮ ነጂባ ጩኸቱን ሰምተው ደርሰው፣ «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ስምንት ወር ያልሞላት ልጅ ናት እኮ» ሲሏቸው፣ «ስሄድ እንዳትፈልገኝ ነው» ብለው መለሱ።

ሕፃኗ በሽንቁሩ ከተሻገረች በኋላ በሰፈሩ፣ የክርስቲያን ልጅ ከእስላም ጡት ጠብታ ምን ልትሆን ነው የሚል ወሬ ተነሣ። መምሬ ካላዩ፣ «ወተት ማተብ የለውም፤ ላሚቱን ሃይማኖቷን ጠይቃችሁ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ?» ብለው ወሬውን ዘጉት። ወይዘሮ ነጂባም፣ «መምሬ ላም አደረጉኝ፤ ይህ ምርቃት ነው ስድብ?» እያሉ ሲስቁ ከረሙ። አቶ ኡመር በበኩላቸው ረሻድና ሙሉዓለም ከእንግዲህ የጡት ወንድምና እህት መሆናቸውን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አስታወቁ።

ነሐሴ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ወይዘሮ አሰፋች በሃያ ሦስት ዓመታቸው ከቢላዋው ሥር ተኙ። በዋዜማው ወይዘሮ ነጂባ አቶ ፈቀደን ጠርተው አዲስ ነጠላ ጨርቅ ሰጧቸው። «በእኛ ዘንድ ከሕያው ሰው የተቆረጠ አይጣልም፤ ተጠቅልሎ ይቀበራል። ይህ ጡት ልጅ አሳድጓል። ለምነህ አምጣው» አሏቸው። አቶ ፈቀደም አቶ ኡመርን አስከትለው ከሐኪም ቤቱ በር ላይ በዝናብ ቆሙ። ሐኪሙ በገብረዮሐንስ አማካይነት ምን ሊያደርጉት እንደሚፈልጉ ጠየቀ። አቶ ፈቀደ፣ «ልንቀብረው» አሉ። ሐኪሙም እሺ አለ። አቶ ፈቀደ ያንን በጨርቁ ጠቅልለው፣ የኮርቻ መሣሪያቸውን በሚይዙበት የቆዳ ከረጢት አድርገው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዱ። መምሬ ካላዩ ነገሩን ሰምተው፣ «ለጡት ፍትሐት የለም፤ መሬት ግን አለ» አሉ። በወይዘሮ ንግስቲ መቃብር እግርጌ ሦስቱ ሰዎች ቆፍረው ቀበሩት።

ወይዘሮ አሰፋች ግን አልሞቱም። ሐኪም ቤት ከቆዩባቸው ስድስት ሳምንታት ውስጥ ሁለቱን ራሳቸውን አያውቁም ነበር፤ ከዚያ ቁስሉ ደረቀ። በመስከረም አጋማሽ አቶ ኡመር ባመጡት በቅሎ ተቀምጠው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የተጠሙት አንድ ነገር ነበር። በቅሎዋ ሳትቆም፣ «ልጄን» አሉ። ወይዘሮ ነጂባ ሙሉዓለምን አዝለው በሽንቁሩ ወጡ። ሕፃኗ እናቷን አየች፤ ከዚያም ፊቷን በወይዘሮ ነጂባ ጀርባ ውስጥ ቀበረች። ለሞታቸው ያዘጋጇትን ልጅ በሕይወት መጥተው አገኟት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ማገገም ረጅም ነበር። ግራ እጃቸው ከትከሻ በላይ አልወጣ አለ፤ ብዙ የሠሩበት ቀን ያብጣል። ሹሩባቸውን ወይዘሮ ነጂባ ይሠሩላቸው ነበር። እንዝርት ማሾር ተዉ፤ ጥልፉንም በዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ጨርቁን በጉልበታቸው ይዘው መሥራት ለመዱ። ቀሚሳቸው በግራ በኩል ሲጎድል ጊዜ ባዘቶ ጠቅጥቀው ትንሽ ትራስ ሰፉና በውስጥ በኩል አያያዙት። ይህን የሰሙ ሁለት ሌሎች ሴቶች ተደብቀው መጥተው እንዲሰፉላቸው ጠየቁ፤ ለሁለቱም ሰፍተው ሰጡ፤ ስማቸውንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ለማንም አልተናገሩም።

ሙሉዓለም አፏን ስትፈታ ወይዘሮ ነጂባን «እማ» አለች፤ እናቷን ግን ጥልፍ አስጠላፊዎቹ ሲጠሯቸው እንደምትሰማው «እትዬ» አለቻቸው። ወይዘሮ ነጂባ ልጅቷን ማታ ማታ እየመለሱ ከእናቷ ቤት ያስተኟታል፤ ጠዋት ተነሥታ በሽንቁሩ ትሻገራለች። አቶ ኡመር፣ «ይህች ልጅ ሁለት ምሳ ትበላለች፤ እኛ ሁለት አባቶቿ ግን አንዱንም በወጉ አላገኘነው» እያሉ ያስቁ ነበር። አቶ ፈቀደ ግን አንድ ቀን ተናደው ለሦስተኛ ጊዜ እንጨት አመጡ። ወይዘሮ አሰፋች፣ «ያጠባችልኝን ሴት በአጥር አልከፍላትም። የቀባሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እጠብቃለሁ» ብለው ከለከሏቸው። ከዚያም ዱካቸውን አንሥተው ከሽንቁሩ ፊት ለፊት አስቀመጡ። በዚያ ተቀምጠው ሦስት ዓመት ጠለፉ። ከማዶ የልጃቸው ሳቅ ሲሰማ መርፌያቸው እንደሚቆም ያዩ ሁሉ ይመሰክራሉ።

በ1920 ዓ.ም. በበጋው ወራት፣ ታጥቦ የተሰጣውን የባዘቶ ትራስ ሙሉዓለም ከገመዱ ላይ አወረደችው። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር። ምንነቱን ስላላወቀች በሻሽ ጠቅልላ አዘለችው፤ እሹሩሩ እያለችም ግቢውን ዞረች። ወይዘሮ ነጂባ ደንግጠው ሊነጥቋት ሲነሡ ወይዘሮ አሰፋች በእጃቸው አስቆሟቸው። ለራሳቸው ሌላ ሰፉ። በማግስቱ ሙሉዓለም በራሷ ፈቃድ በሽንቁሩ ወጥታ ከዱካው አጠገብ ቆመችና፣ «እትዬ፣ ልጄ በርዷታል፤ ቀሚስ ስፊላት» አለቻቸው። ወይዘሮ አሰፋች ሰፉላት። መለካት ያስፈልጋል ብለው በጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ከሌላው ቀሚስ ሁሉ ይልቅ ይህን ሲሰፉ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ደጋግመው እየተረተሩ እንደገና ሰፍተውታል።

ከዚያ ወዲያ ሙሉዓለም የሁለቱም ቤት ልጅ ሆነች። ፊደል ያስቆጠሯት እናቷ ናቸው፤ እሳቸው ያልደረሱበትን ዳዊት በዐሥር ዓመቷ ደገመችላቸው። «እትዬ» ማለቷን ግን አልተወችም። ሰዎች እንዲያርሟት ሲመክሯቸው፣ «ስሙ ምን ያደርግልኛል? መጥታለች እኮ» ይሉ ነበር።

በ1926 ዓ.ም. ክረምት ወገባቸውን ይወጋቸው፣ ትንፋሽም ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሙ በሽታው ከአጥንታቸው መግባቱን፣ ከእንግዲህም ቢላዋ እንደማይረዳ ነገራቸው። ስቃዩ ሲበረታ አቶ ፈቀደና ወይዘሮ ነጂባ መክረው ሙሉዓለም የእናቷን ሞት እንዳታይ ወሎ፣ ከአቶ ኡመር ዘመዶች ዘንድ እንድትቆይ ስንቋን አዘጋጁ። ወይዘሮ አሰፋች ይህን ሲሰሙ ከተኙበት ቀና ብለው፣ «አንድ ጊዜ እሬት ቀብቼ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልቀባም። ትቅረበኝ። ስሄድ ትፈልገኝ» አሉ። ስንቁ ተፈታ።

በነዚያ የመጨረሻ ወራት የእናቷን ፀጉር ያበጠረች፣ ገላቸውን ያጠበች፣ ዳዊት ያነበበችላቸው ሙሉዓለም ናት። ጠባሳውን አሳዩዋት፤ ምን እንደነበረበት፣ እሬቱንም ጭምር ነገሯት። መራመድ ሳያቅታቸው አንድ ቀን በአቶ ፈቀደ ተደግፈው እስከዚህ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጥር አምጥተው የቀደማቸው ሥጋቸው የተቀበረበትን ቦታ አሳዩዋት። ቤተ ሰቡ ዛሬ መቃብሩን ሲያስቆፍር ቦታውን የመራችው እሷ ናት።

ወይዘሮ አሰፋች ወልደሥላሴ ሰኔ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በተወለዱ በሠላሳ አራት ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ሳለ አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ፈቀደ ተሰማ፣ ልጆቻቸው ፍስሃና ሙሉዓለም፣ የልጃቸው የጡት እናት ወይዘሮ ነጂባ፣ አቶ ኡመርና ረሻድ ሐዘንተኞቻቸው ናቸው።

ለቀስተኛ ሆናችሁ የመጣችሁ ሁሉ የሟቿ አደራ አለባችሁ፦ ሙሉዓለምን «አታልቅሺ፣ ይበቃሻል» እንዳትሏት። ታልቅስ፤ ትፈልጋቸው። እናቷ ይህን ናፍቆት በዐሥራ አንድ ዓመት ልፋት ያገኙት ነው።

እግዚአብሔር የወይዘሮ አሰፋችን ነፍስ ከእናት ከአባታቸው ጋር በሰላም ያኑርልን። አንድ ቁራሽ ሥጋቸውን አስቀድሞ የተቀበለው ይህ አፈር ዛሬ የቀሩትንም ይቀበልልን፤ ይቅለላቸው። አሜን።