ከግራ ጆሮዎ ጀርባ ስላለፈችው ብስክሌተኛ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የስፖርት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎ፣ በተለይ ዓይንዎ፣ ደኅና ነው? እኔ በልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ፣ ከወገብ ሕመሜና ካለፈው እሑድ ወዲህ ከያዘኝ ጥርጣሬ በስተቀር ደኅና ነኝ። ሰው መጠርጠር ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬ፣ ተቆርጦ የጎደለ ነገር ሳይ ማን ቆረጠው ሳልል ማለፍ አልችልም።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች እየታዩ ነው ተብያለሁ። ከሴቶች ብስክሌት ይልቅ የእኔ ወረቀት በጣቢያዎ መታየቱ ትልቅ ክብር ነውና አመሰግናለሁ።

ጉዳዩ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ስትለማመድ የኖረች ልጅ ናት። በእሑዱ የሴቶች ውድድር አንደኛ የወጣችው ብቻ ለትልቁ ውድድር ወደ ውጭ ትሄዳለች፤ ሁለተኛዋ ቤቷ ትቀራለች። የእኛዋና ባለ ቀይ ማሊያዋ ተያይዘው መጡ። ዳኛው ቀይዋ ቀደመች አሉ፤ አጥሩን ተደግፌ የቆምኩት እኔ ደግሞ የእኛዋ ስትቀድም አየሁ። ደንቡ እንደሚለው ክርክር ከተነሳ የቴሌቪዥን ምስል ይፈርዳል፣ ምስል ከሌለ የዳኛው ቃል ይጸናል። ይግባኙ ነገ አርብ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። እርስዎ ደግሞ ምስል የለም ብለዋል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ካሜራ የጫነው ሞተር ብስክሌት ሴቶቹ ሊጨርሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው ዞሮ ወንዶቹ ወደሚነሱበት ስለ ሄደ አመሰግናለሁ። በዚህም የተነሳ አንድ ወንድ የጫማውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ በሰፊው ለማየት በቅተናል። ሲያልቅ አያምር ሲባል እሰማ ነበር፤ እናንተ ግን ማለቁንም አላሳያችሁን።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ለምን እንደ ዞረ ብጠይቅ፣ ጋዜጠኛዎ ነዳጅ አልቆበት ነው አለኝ፤ ሾፌሩ በስልክ ታዝዤ ነው አለኝ፤ የበሩ ጥበቃ ካሜራው ላይ ዝናብ ገብቶ ነው አለኝ። በዚያ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ለአንዲት እውነት ሦስት ልብስ ሲሰፋላት ያሰፋው ማን ነው ብዬ ብጠረጥር ይፈረድብኛል?

ሦስተኛ፣ አሸናፊ ለተባለችው ልጅ በዜናችሁ ላይ ዘጠኝ ሰከንድ ስለ ሰጣችኋት፣ ያንንም መቼ ታገቢያለሽ በሚል ጥያቄ ስለ ጨረሳችሁት አመሰግናለሁ። እርሷንም ቢሆን አልተቀየምኳት፤ ያቺም የሰው ልጅ ናት።

አራተኛው ግን ረዘም ይላል፣ ይታገሱኝ። ሴቶቹ ሲጨርሱ እርስዎ ጀርባዎን ለመጨረሻው መስመር ሰጥተው፣ ለራስዎ ጋዜጠኛ፣ ለሴቶች ስፖርት ዓይናችንን ገልጠናል እያሉ በቀጥታ ስርጭት ይናገሩ ነበር። ማክሰኞ ሲደገም ልብስ እየተኮስኩ አየሁት። ከግራ ጆሮዎ ጀርባ ሁለት ብስክሌቶች እልም ብለው አለፉ። ቁጥራቸው አይነበብም። ነገር ግን የእህቴ ልጅ ጠጠር ላይ ወድቃ የማሊያዋ ግራ ትከሻ ሲቀደድ፣ ሰማያዊ ጨርቅ አጥቼ በመጋረጃ ቁራጭ በቢጫ የጣፍኩላት እኔ ነኝ። የገዛ እጄን ስፌት አላውቀውም እንዴ? ቢጫው ነጩን መስመር ሲያልፍ ቀዩ ገና አንድ ክንድ ይቀረው ነበር። የደንበኛዬ ሱሪ ካውያው ሥር ተቃጠለ፤ እኔ እልል አልኩ።

በሩጫ መጥቼ ቅጂ ብጠይቅ፣ ከመዝገብ ቤት ጠፍቷል ተባልኩ። ረቡዕ ፕሮግራሙ እንደገና ሲተላለፍ ደግሞ ፊትዎ መስኮቱን ሞልቶት ከአፍንጫዎና ከአገጭዎ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። በአንድ ቀን ይህን ያህል መወፈርዎ አሳስቦኛል፤ ስለ ጤናዎ የጠየቅኩትም ለዚህ ነው። ለመሆኑ ያ ጆሮ የት ገባ?

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ተውኩት። ልጅቱ ከእሑድ ወዲህ የራስ ቁሯን ሚስማር ላይ ሰቅላ አልነካችውም። ምናልባት እውነትም ሁለተኛ ነበርኩ ይሆናል፣ አክስቴ፣ እያለች ራሷን መጠርጠር ጀምራለች። መጠርጠር የእኔ ሥራ ነው፣ የእርሷ አይደለም። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህን ግን ይቅር አልልዎትም። እባክዎ ከነገ እኩለ ቀን በፊት ምስሉን ይስጡን።

ሥራዎ ሁሉ እስከ መጨረሻው መስመር እንዲታይልዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ለሰፊው ፊትዎና ለጠፋው ጆሮዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

የብስክሌተኛዋ አክስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ላሽገው ስል አንዲት ደንበኛዬ ቀሚሳቸውን ሊለኩ መጡ። እጅጌውን ስለካቸው፣ ባለቤቴ እሑድ በቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር ብለው በኩራት ስልካቸውን ሰጡኝ። ከእነ ሁለት ጆሮዎ፣ ሙሉውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ቀርጸውታል! ይላኩልኝ ስላቸው ደስ ብሏቸው ላኩልኝ፤ ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፈርሞ ተረክቦኛል። አደራ፣ እንዳይቆጧቸው። በጣቢያዎ ከተሰማሩት ባለሙያዎች ሁሉ የሴቶቹን ውድድር እስከ መጨረሻው የቀረጸ አንድም አልተገኘምና፣ ቢቻል ባለቤትዎን ይቅጠሯቸው። ቀሚሳቸው ለቅዳሜ ይደርሳል።