ከኋላ ወንበር መሃል ለጋቢናው ገምጋሚ

ለክቡር አቶ ጉቱ፣
የሰፈራችን እድር የመኪና ግምገማ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም እስከ ዛሬ ምንም ያልደረሰባቸው ጉልበቶችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በእርስዎ ጸሎትና በጎረቤት ቅባት ደህና ነኝ፤ ከትናንት ጀምሮም ያለ ዱላ እስከ ውጭ በሩ ድረስ መሄድ ችያለሁ። ይህን ደብዳቤ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ውለታዎ በሦስት ሰዎች ወገብ ውስጥ ብቻ ተደብቆ እንዳይቀር በማሰብ መሆኑን ከወዲሁ እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ እድራችን ድንኳንና ወንበር የሚያመላልስባት፣ አባላትም ለለቅሶና ለሠርግ የሚገለገሉባት አንዲት ትንሽ ደብል ጋቢና ፒክአፕ በገዛ ጊዜ፣ ለዕለት ተዕለት መንዳት ትመች እንደሆነ ገምግመው እንዲያሳውቁን ቁልፏን ለእርስዎ አስረከበ። እርስዎም አደራውን በሚያስቀና ትጋት ተወጡት። ልጆችዎን ትምህርት ቤት እያደረሱ ገመገሟት፤ ባለቤትዎን ገበያ እየወሰዱ ገመገሟት፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሶደሬ ይዘዋት እየወረዱ ከነዋና ልብስዎ ገመገሟት። ግምገማው እስካሁን ስላላለቀም፣ ማንም አባል መኪናዋን ሲፈልግ እርስዎ ጋቢና ተቀምጠው አብረው ይሄዳሉ። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ያነበቡልን ጊዜያዊ ሪፖርት «አምስት ጎልማሶችን በምቾት ታስቀምጣለች» የሚል ነበር። እኔ እንዲያውም ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት፤ ያኔ ከመቀመጫ መነሳት ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው እሁድ የሆነውን ላልሰሙ አንባቢዎች ላስረዳ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ባለቤታቸውን ካጡ ወዲህ ያላቸው አንድ ልጅ ሚኪያስ ነው። ሚኪያስ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲሠራ ሌንሳ የምትባል የሁሩታ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው፤ የቀረው የአባቷ ፈቃድ ብቻ ነበር። አባትየው ደግሞ ባህል አክባሪ፣ ሽማግሌን በአኳኋኑ የሚመዝኑ ሰው ናቸው ተባልን። ስለዚህ ወይዘሮ ጥሩነሽ ኦቦ መርዳሳን፣ ሐጂ ቃሲምንና እኔን ለሽምግልና ለመኑን። መኪናዋን ስንጠይቅ እርስዎም አራተኛ ሽማግሌ ሆነው፣ እግረ መንገድዎንም ሊገመግሙ አብረውን ተነሡ። ሾፌሩ ቶሌራ መሪውን ያዘ፣ እርስዎ ጋቢናውን ያዙ፣ እኛ ሦስታችን ከነጋቢያችንና ከነዱላችን ከኋላ ገባን። ገባን አልኩ እንጂ ተቀመጥን አላልኩም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ገና ከአዳማ ሳንወጣ ወንበርዎን ወደ ኋላ ስለገፉልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። የኦቦ መርዳሳ ጉልበቶች በዚያች ቅጽበት አገጫቸው ሥር ገቡ፤ እስከ ሁሩታም ከዚያ አልወጡም። ሐጂ ቃሲም በበኩላቸው የደነዘዘ እግራቸውን የት እንዳስቀመጡት ጠፍቷቸው ሲዳብሱ የእኔን እግር አገኙና መልካሳ እስክንደርስ ሲያሹት ቆዩ። እኔም እየተመቸኝ ስለሄደ ዝም አልኩ።

2ኛ. በሪፖርትዎ «የስምጥ ሸለቆን ሙቀት ድል የሚነሣ» ብለው ያወደሱት ኤሲ እውነትም ግሩም ነው፤ እርስዎ በርዶዎት ኮትዎን ሲቆልፉ በዓይናችን አይተናል። ወደ ኋላ የደረሰን ግን ማስነጠስዎ ብቻ ነው። ስላካፈሉን እናመሰግናለን።

3ኛ. «ከኋላ ያለውን ሁሉ ያሳያል» ብለው ግማሽ ገጽ የሰጡት ካሜራ ድንጋይ፣ ፍየልና ባጃጅ በሚገባ ያሳያል። ከኋላዎ የታጨቁትን ሦስት ሽማግሌዎች ግን እንደማያሳይ በትሕትና እጠቁማለሁ። ለዚያ የሚያገለግለው አንገትን ዞር ማድረግ ነው፤ ይህም ከመኪናዋ ጋር የተገዛ ሳይሆን ከእናትዎ የወረሱት ዕቃ ስለሆነ በግምገማው አለመካተቱ አያስደንቅም።

4ኛ. መልካሳ ላይ አቁመው፣ መኪናዋ ባዶዋን ስለምትዘል በጭነት እንዴት እንደምትሆን ለማየት ብለው ለቤትዎ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ገዝተው ጫኑባት። ልክ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ በየብሬከሩ ስንነጥር ጭንቅላታችን ጣራውን ሲሳለም ነበር፤ ሽንኩርቱ ከተጫነ በኋላ ግን ጸጥ አለች። በሾፌሩ መስታወት አሻግሬ ሳየው፣ ሽንኩርቱ በጀርባው ተንጋሎ የአዋሽን ንፋስ እየተቀበለ ይሄዳል። በሽንኩርት የቀናሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ነው። ኦቦ መርዳሳ ነገሩ ገብቷቸው «እኛን ከላይ ጭነው እሱን እዚህ ቢያስገቡት ምን ነበረበት?» ቢሉ ሦስታችንንም ሳቅ ያዘን፤ ሦስታችን አንድ ላይ የምንስቅበት ቦታ ስላልነበረ ግን በየተራ ሳቅን።

ሁሩታ ስንደርስ የሆነውን በቁጥር አላስገባውም። የሌንሳ አባት ከዘመዶቻቸው ጋር ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። እርስዎ ከጋቢናው ወርደው፣ ኮትዎን አስተካክለው፣ እንደ ሙሽራ እየተራመዱ ገቡ። እኛን ቶሌራ አንድ በአንድ እየጎተተ አወጣን፤ ወጥተንም እንደታጠፍን ቀረን። ኦቦ መርዳሳ «አከም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ሊሰጡ አፋቸውን ቢከፍቱ «ወይ ጉልበቴ» የሚል ወጣ። ወገባችን አልቀና ብሎ፣ በዱላችን ተደግፈን፣ ግንባራችን መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ከቤት ገባን። ቤተሰቡ እንዲህ ያለ ትሕትና አይቶ አያውቅም።

ከዚያም ተቀመጡ ተባልን። ክቡር ሰብሳቢ፣ በሥራ ብዛት ረስተውት ይሆናል እንጂ፣ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፤ ቆሞ ይለምናል። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ባህሉ ትዝ ያለን ዘግይቶ ነው። መቀመጥ የሚለውን ቃል ስንሰማ ያ የኋላ ወንበር ፊታችን ላይ ድቅን አለና ሦስታችንም በአንድ ድምፅ «አንቀመጥም» አልን። ሐጂ ቃሲምማ «ከእንግዲህ መቀመጥ ምን ያደርግልናል» ብለው እንባቸው መጣ። አባትየው ልባቸው ተነካ። ለሰው ልጅ ብለው እንዲህ የሚሆኑ ሽማግሌዎች ከወዴት ተገኙ እያሉ ዘመዶቻቸው ተንሾካሾኩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ ለመኪና ወንበርም ይሠራል።

በዚህ ሁሉ መሃል እርስዎ ተቀምጠው ነበር።

ያውም ከፍ ያለውን ወንበር መርጠው፣ እግርዎን አነባብረው፣ መደገፊያውን በመዳፍዎ መታ መታ እያደረጉ ጥንካሬውን ይገመግሙ ነበር። አልፈርድብዎትም፤ ከቀዝቃዛ ጋቢና የወረደ ሰው እንዲቆም የሚያስገድደው ሕመም የለበትም። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባል የለ? የሌንሳ አባት ግን እኛን አይቶ የረጠበው ዓይናቸው እርስዎ ላይ ሲደርስ ደረቀ። «የሦስቱን ልመና ሰምቼ ዛሬውኑ እሺ ልል ነበር፤ አራተኛው ግን ልጄን ሊጠይቅ ይምጣ ቤቴን ሊገዛ አልገባኝም። በሚመጣው እሁድ ተመለሱ፣ እስከዚያ ልምከርበት» አሉን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚኪያስ ምግብ አይወርድለትም። ወይዘሮ ጥሩነሽ በየጠዋቱ ደጃፌ እየመጡ ጉልበትዎ እንዴት አደረ ይሉኛል፤ የሚጠይቁኝ ስለ ጉልበቴ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሽንኩርቱን ነገር እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ የምውል ሰው፣ እሳቸውን ሳይ ሳቄ ይቆማል። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ እሱም በእርስዎ መቀመጥ ተንጠልጥሏል።

ስለሆነም የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ለእሁድ ሌላ መኪና ይፈለግልን አንልም፤ ኦቦ መርዳሳና ሐጂ ቃሲምም ሽማግሌን እንዲህ አድርጎ የሚያስጎነብስ ሌላ መኪና በአርሲም በሸዋም አይገኝም ብለው ከእርሷ በቀር አንሳፈርም ብለዋል። የምንለምነው እርስዎ ከኋላ፣ በሁለቱ መሃል እንዲቀመጡ ብቻ ነው። ቦታው የእኔ ነበር፤ በደስታ ለቅቄልዎታለሁ። ወለሉ ላይ ጉብታ አለ፣ አንዱን እግርዎን ወዲህ ሌላውን ወዲያ ያደርጋሉ። ሁሩታ ሲደርሱ ማንም ሳያስተምርዎ ያጎነብሳሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉም መላ አካላትዎ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ አባትየው ይቅር ይላሉ፣ ሚኪያስም ሌንሳን ያገኛል። ግምገማዎም በዚያው ይጠናቀቃል፤ በሪፖርቱ ላይ «ለዕለት ተዕለት መንዳት» የሚለውን ሰርዘው «ለሽምግልና ብቻ» ብለው ቢያርሙት፣ እኔም እንደምንም ተነሥቼ ደግሜ አጨበጭባለሁ።

ረጅም ዕድሜን፣ ለጉልበትዎም ጽናትን እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር እንዳልወድቅ ቦታ ስለሌለ ከወንበርዎ ጀርባ እንደታጠፍኩ እጅ እነሳለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
ሰይፈሚካኤል
የእድሩ አባልና የኋላ ወንበር መሃል ነባር ተሳፋሪ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ከሁሩታ ስንወጣ የሌንሳ አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ያ የተቀመጠው ሰውዬ በእርግጥ ሽማግሌ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነው ብል የልጁ ነገር ያከትማል ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ የመኪናዋ ረዳት ነው አልኳቸው። እሳቸውም «ረዳቱ እንዲህ ከተቀመጠ ባለመኪናው እንዴት ሊቀመጥ ኖሯል» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ስለዚህ እሁድ ከሽማግሌዎቹ መሃል ታጥፈው ከመጡ፣ ረዳቱ ለሽምግልና በቃ እላቸዋለሁ። ከኋላ አልገባም ካሉ ደግሞ ቃሌ ውሸት እንዳይሆን ከላይ ከጭነቱ ጋር ይወጣሉ፤ የመስታወት መጥረጊያውን ጨርቅ ቶሌራ ያቀብልዎታል። ስለ ጋቢናው ግን በጭራሽ አይጨነቁ፤ ግምገማው እንዳይቋረጥ እኔ ተቀምጬበት እቀጥላለሁ።